የሚራመደው ግድግዳ

ግንቦት 5

ዛሬ ከአሥራ አንደኛ ክፍሎች ጋር ሰውኛ ዘይቤ ላይ ደረስን። ግዑዙን ነገር እንደ ሰው ማስኬድ፣ ማስቆጣት፣ ማስለቀስ። ተነጻጻሪንና ተለዋጭን ባለፈው ሳምንት ጨርሰናል፤ ማለቴ እኔ ጨርሻለሁ፤ እነሱ ገና «እንደ» የምትለዋን ቃል እያደኑ ናቸው። «እንደ» ካለች ተነጻጻሪ፣ ከሌለች ተለዋጭ፣ ከዚህ በላይ አታስቸግሪን የሚል ፊት ነው የሚያሳዩኝ።

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ በቤታችሁ ካለው ነገር አንዱን ሰው አድርጋችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። አንዱ ከኋላ፣ «ቲቸር፣ ፍሪጅ ይሆናል?» አለ። «ባዶ ካልሆነ ይሆናል» አልኩት። ሳቁልኝ። ተማሪ ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል፤ አርባ ዓመት አልፎኝም ይህ ነገር አልለቀቀኝም።

ግንቦት 7

ፍሪጅ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ። ፍሪጁ ሁሉ «ራበኝ» ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ወሬኛ ነው። እንቅልፍ ሊጥለኝ ሲል የማራኪ ወረቀት ላይ ደረስኩ። ማራኪ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። እዚህ ልገልብጠው፦

«ግድግዳችን መራመድ ጀምሯል። መጀመሪያ ዓይናፋር ነበር፤ እስክንተኛ ጠብቆ ነው የሚመጣው። አሁን ቀንም አያፍርም። ሆዱን ገፍቶ ይመጣል። ማታ ማታ ሲያቃስት እሰማዋለሁ። እናቴ፣ ተኚ፣ ዝም ብሎ ነው ትለኛለች። እሷ ግን አትተኛም።»

ብድግ ብዬ ቆምኩ። ሆዱን ገፍቶ። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ሰውኛ ከተማሪ እጅ ወጥቶ አላየሁም። ነገ ለመምህራን ሁሉ አነብላቸዋለሁ።

ሁለተኛው አንቀጽ ግን ይወርዳል። «ከጀርባችን ያለው የግንብ አጥር ነው የሚገፋው። ለአዲሱ ሕንፃ የተቆፈረው አፈር በግንቡ ላይ ተከምሯል። በፋሲካ ጊዜ በአልጋችንና በግድግዳው መካከል ሰው ያልፍ ነበር። አሁን መጥረጊያ አይገባም።» እያለ ይቀጥላል። ይህ ዘገባ ነው፤ ምስሉን ያበላሸዋል። የማን ሕንፃ እንደሆነ አልጻፈችም። ደግ አደረገች።

ግንቦት 8

በመምህራን ክፍል አነበብኩት። ሁሉም ወደዱት። ሒሳብ የሚያስተምረው ሀምዱ ብቻ ሻዩን እያማሰለ፣ «ሁለተኛውንስ አንቀጽ?» አለኝ። ለካ ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል ሲያነብ ነበር።

«እሱ ደካማ ነው። ይወጣል።»

«ለእኔ እኮ ጥሩው እሱ ነው። በፋሲካ ሰው ያሳልፍ ነበር፣ አሁን መጥረጊያ አያስገባም። በግንቦት ይህን ያህል ከመጣ በሐምሌ የት ይደርሳል ብለሽ አስቢ።»

«አንተ ሁሉን ነገር ቀመር ታደርገዋለህ።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ዘይቤ።»

ተሳሳቅን። ሀምዱ ሥነ ጽሑፍ አይገባውም፤ ልቡ ግን ደግ ነው።

ግንቦት 10

እሑድ። አምልኮው ረዘመ። ስንወጣ ጋሽ ይገዙ በር ላይ ያዙኝ። የጉባኤያችን ሽማግሌ፣ የትምህርት ቤታችንም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ባለቤቴ አየለ የሞተ ጊዜ ከቀብሩ ጀምሮ ከጎኔ ያልተለዩ፣ ይህን ሥራ ያስገኙልኝ ሰው ናቸው። ያኔ የሰው ፊት ሲጠፋኝ የእሳቸው ፊት አልጠፋም። እግዚአብሔር ያውቃል፤ በየቀኑ ባመሰግናቸው ውለታቸውን አልከፍለውም።

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ስለሚያሠሩት ሕንፃ ተጫወትን። አራተኛው ፎቅ ላይ ደርሷል፤ ልጆቻቸው እዚያው አብረዋቸው ሊኖሩ ነው። ወሬ ወሬን ይጎትታልና፣ አንዲት ተማሪዬ እዚያ ሰፈር እንደምትኖር፣ ስለ ግድግዳ ደስ የሚል ነገር እንደጻፈች ነገርኳቸው። እኔ ምንም አልጠየቅኩም። እሳቸው ናቸው፣ «ያ የጀርባው ግንብ ነዋ፤ ትንሽ ዘንበል ብሏል። መሐንዲሱም ነግሮኛል። አሁን ከነካካሁት ሥራው ይቆምብኛል፤ ክረምቱ ይለፍና አስተካክለዋለሁ» ያሉት። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ጽሑፉ ላይ ስሜ የለም አይደል፣ እህት ተናኘ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ክረምቱ ይለፍና ካሉ ያደርጉታል። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ግንቦት 11

ማራኪን በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ ጽሑፏን አብረን አስተካከልን። ለዓመቱ መዝጊያ በዓል ታነብባለች። ሁለተኛውን አንቀጽ እንድታወጣው ነገርኳት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ቲቸር፣ እሱ ነው እኮ ዋናው» አለች።

አስረዳኋት። ጽሑፍ አንድ ጭብጥ ይኑረው፣ ምስሉ ይናገር እንጂ ማብራሪያ አይከተለው፣ አንባቢውን ማመን ያስፈልጋል አልኳት። «ማራኪዬ፣ ድርሰት አቤቱታ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ አቤቱታ የት ነው የሚጻፈው?»

ሳቅሁ። ቀልድ ታውቃለች ለካ። በራሷ እጅ ሰረዘችው፤ እኔ አልነካሁትም። ቀጥ ያለ መስመር አድርጋ ነው የሰረዘችው።

ይህን ያደረግሁት ለጽሑፉ ብዬ ነው። አሁንም ሳነብበው ያለ ሁለተኛው አንቀጽ ይበልጣል። ማንም የሚያስተምር ሰው ይህንኑ ይላት ነበር።

ግንቦት 19

ጥድፊያ። የፈተና ጥያቄ ማውጣት። ዛሬ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ከአየር ጤና ታክሲ ጠፍቶ እስከ ቤቴል ድረስ በእግሬ ጭቃ ስረግጥ መጣሁ።

ግንቦት 23

ዝናብ። ሀምዱ፣ «ግድግዳሽ እንዴት ሰነበተ?» አለኝ። ግድግዳዬ። «ሄደሽ አይተሽዋል ወይ?» አለኝ ደግሞ። ጊዜ የት አለኝ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ጊዜ የለኝም።

ግንቦት 27

ማራኪ ሁለት ቀን ቀርታ ዛሬ መጣች። ምነው ስላት፣ «ዕቃ ስናሸሽ ነበር» አለች። የት ስላት፣ «ወደ በሩ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሌላ ልጠይቃት ስል ደወል ተደወለ። ደወሉን አመሰገንኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

ሰኔ 11

የአማርኛ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ።

ለምርጫ ጥያቄ የማራኪን ዓረፍተ ነገር አስገብቼው ነበር። ሳላስበው አልነበረም፤ ክብር እንዲሆናት ብዬ ነው። «ግድግዳው ሆዱን ገፍቶ ይመጣል። ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» ሀ፣ ግነት። ለ፣ ሰውኛ። ሐ፣ ምጸት። መ፣ እንቶኔ። ክፍሉ ከሞላ ጎደል በሙሉ አገኘው፤ የፍሪጆቹ ልጆች እንኳን «ለ» ብለዋል።

ማራኪ አንዱንም አልከበበችም። ከጎኑ በእስክሪብቶ «ዘይቤ አይደለም» ብላ ጽፋለች።

የገዛ ዓረፍተ ነገሯን ሳተችው። ኤክስ አደረግሁበት። ደንቡ ነው፤ ሌላው ልጅ ቢሆንም አደርግበታለሁ። ወረቀቱን ከሌሎቹ ሥር አስገባሁት። ከዚያ መልሼ አወጣሁት፤ ከዚያ መልሼ ከተትኩት።

ሰኔ 21

የመዝጊያው በዓል። ዝናቡ አዝኖልን እስከ ከሰዓት ታገሠ። ማራኪ ነጭ ሸሚዟን በካውያ ተኩሳ መጣች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀና። «ሆዱን ገፍቶ ይመጣል» ስትል ወላጆች ሳቁ። «እሷ ግን አትተኛም» ስትል ዝም አሉ። ጎበዝ። የት ላይ ዝም እንደሚያሰኛቸው ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሽልማቱን የሰጧት ጋሽ ይገዙ ናቸው፤ መዝገበ ቃላትና የሻይ ፔርሙዝ። ማይኩን ይዘው፣ «ልጃችን ምናብ አላት፤ ግድግዳ ሲራመድ ዓይኔ ላይ መጣብኝ» አሉ። ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ። ማራኪ እሳቸውን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያ አስተያየት ምን እንደነበር ልጽፈው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሕዝቡ ሲበተን እናቷ እትዬ ወለተጻድቅ መጡ። ለሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ እጃቸው የተሰነጣጠቀ ሴት ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መምህርት፣ ስለ ልጄ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር። የሕንፃውን ዘበኛ ሁለቴ ለመንኩት፣ ፎርማኑም አባረረኝ። ማራኪ የሕንፃውን ባለቤት ያውቋቸዋል ብላኛለች…»

ያን ጊዜ ጋሽ ይገዙ ከመኪናቸው አጠገብ ሆነው «እህት ተናኘ፣ ላድርስሽ፣ ሊዘንብ ነው» ብለው ተጣሩ።

«ሰኞ ቢሮ ይምጡ፣ ሰፋ አድርገን እናወራለን» አልኳቸውና ሄድኩ። ሰኞ ትምህርት ቤቱ እንደሚዘጋ አውቅ ነበር። ትዝ ያለኝ መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። አይደለም። ስናገረውም ትዝ ብሎኛል።

ሐምሌ 4

ሀምዱ ጠዋት ደወለ። «ተናኘ፣ ግድግዳው ወድቋል» አለ። የትኛው ግድግዳ አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ሌሊት፣ በዝናቡ። ማራኪ ከጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ ወደ ደጅ ወጥታ ነበር። እናቷ አልጋው ላይ ነበሩ።

በሕይወት አሉ። እግራቸው።

ሐምሌ 5

ሆስፒታል ሄድኩ። ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች አጥተዋል። ሐኪሙ ለሰው ሁሉ እንደሚነግረው ነው የነገረኝ፣ ፈጠን ብሎ። እትዬ ወለተጻድቅ ተኝተው ነበር። ማራኪ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ደርቋል። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

«ደህና ነሽ?» አልኳት። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

«ደህና ነኝ ቲቸር» አለች።

በታክሲ ስመለስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ያወሩ ነበር። አንዷ፣ «ልጅቱ እኮ ቀድማ ጽፋው ነበር አሉ፤ ትምህርት ቤት ተነቦ ተጨበጨበላት» አለች። ሌላዋ፣ «ተጨበጨበላት?» አለች፤ ደግማ፣ «ተጨበጨበላት ነው ያልሽው?» ሳልደርስ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

በሥነ ጽሑፍ ንግር የሚባል ነገር አለ፤ ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ ጠቆም ማድረግ። አንባቢ ንግሩን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው ብዬ ነው የማስተምረው። ይህን ሳስተምር ዋሽቻለሁ። ሀምዱ አንዴ አይቶ አውቆታል። ዘይቤ የማይለይ የሒሳብ መምህር። እኔ ሰውኛ ነው ብዬ ስም ስሰጠው ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። ስም ከሰጡት በኋላ ማንም ሄዶ አያየውም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ። እናቷ አትተኛም ብላ ስትጽፍ እኔ አቆራረጡ ያምራል ነው ያልኩት።

ሐምሌ 11

ጋሽ ይገዙ ቤቴ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ እንቅልፍ የላቸውም። ጸለዩ። አብሬ አሜን አልኩ። ከዚያ ነገሩን አመጡት።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ነው፤ እሳቸው ስለ ግንቡ አስቀድመው ያውቁ እንደነበረ ይጠየቃሉ። ካወቁ ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ ሴትዮዋን አሳክመው፣ ቤት ሠርተው፣ ዕድሜ ልክ ማኖር አለባቸው። ካላወቁ ግን አደጋ ነው፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ በፈቃዳቸው የፈለጉትን ሰጥተው ይለያያሉ።

«ልጅቱ ጽፌ ነበር ትላለች። አንቺ መምህሯ ነሽ፤ ፈጠራ ነው በይልኝ። ውሸት አይደለም እኮ፣ ፈጠራ ነው ብለሽ ያስነበብሽው ራስሽ ነሽ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፣ እህት ተናኘ።»

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያወራነውን አላነሱትም። እኔም አላነሳሁትም። ሁለታችንም ያንን ቀን አጠገባችን እንደተቀመጠ ሰው ዞር ብለን አላየነውም። ሲወጡ የአየለን ፎቶ ቀና ብለው አዩት። «ጥሩ ሰው ነበር» አሉ። ይህን ያሉት አውቀው ይሁን በቅንነት አልገባኝም፤ ምናልባት በቅንነት ነው፤ ይህ ነው የከፋው።

ሐምሌ 13

ወጪት ሰባሪ። ሲያሳድጉኝ ከስድብ ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነበር፤ የበላችበትን የምትሰብር። በዚያ በር ነው እንጀራዬን ያገኘሁት። ምን ብዬ ጉባኤ ውስጥ ፊታቸውን አያለሁ?

ሐምሌ 15

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እዚያ በር ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ሐምሌ 16

እትዬ ወለተጻድቅን ሆስፒታል አየኋቸው። ነቅተው ነበር። «መምህርት፣ ሰኞ መጥቼ ነበር» አሉኝ። «ዝግ ሆነብኝ። ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል።»

ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል አሉኝ። ለእኔ ብለው ነው የተሳሳቱት።

ሐምሌ 19

ዛሬ በዕድሩ ቤት ሽምግልናው ተደረገ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ከእነ እትዬ ወለተጻድቅ በኩል አንድ ቄስና ወንድማቸው፤ ከእኛ በኩል የጉባኤው ጋሽ ግሩም። «ከእኛ በኩል» ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው አልኩ፤ ይቆይ። እናቷ ገና ሆስፒታል ናቸውና በእሳቸው ቦታ ማራኪ ተቀመጠች፤ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች።

ቄሱ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ጋሽ ይገዙ ተናገሩ፤ አዘንኩ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ግን ማንም አልነገረኝም አሉ። ማራኪ፣ እናቴ ለዘበኛውና ለፎርማኑ ተናግራለች፣ እኔም ለትምህርት ቤት ጽፌያለሁ አለች። ጋሽ ግሩም ዘበኛውም ፎርማኑም ካዱ አሉ። ጽሑፉን ደግሞ አብረን ሰምተነዋል፤ የተሸለመው በፈጠራነቱ ነው፤ ግድግዳ መቼም አይራመድም አሉ። አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

«መምህርቷ እዚህ አለች፣ ትናገር» አሉ ቄሱ።

ተነሣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል የሚል፤ ማንንም የማይጎዳ። ጋሽ ይገዙ በአየለ ቀብር ቀን እንዳዩኝ ዓይነት በርኅራኄ ያዩኛል።

«ፈጠራ አይደለም» አልኩ። «ያየችውን ነው የጻፈችው። ሁለተኛ አንቀጽ ነበረው፤ ስለ ግንቡና ስለ አፈሩ፤ ያ አልተነበበም። ጋሽ ይገዙም ግንቡ መዝመሙን ያውቁ ነበር። ከዝናቡ በፊት፣ በግንቦት፣ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ራሳቸው ነግረውኛል። ክረምቱ ይለፍ አሉኝ።»

ጋሽ ይገዙ አንገታቸውን ደፉ። አልተቆጡም፤ «እህት ተናኘ» ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ፣ «ነግሬያታለሁ» አሉ ለሽማግሌዎቹ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። አለቀስኩ። አሁን ጨረስኩ፣ ልቀመጥ አልኩ።

ማራኪ እጇን አወጣች። በዕድር ቤት ሽማግሌ ፊት፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጇን አወጣች። ቄሱ ፈቀዱላት።

«ቲቸር» አለች፣ «አንቀጹን ያሰረዙኝ ለዚህ ነበር?»

ጭብጥ፣ ምስል፣ ቁጠባ፣ አንባቢን ማመን። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ። ሁሉም ደግሞ ትክክል ናቸው፤ መማሪያ መጽሐፉ ላይ አሉ።

«አዎ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ስለ እናቷ እግር መናገር ጀመረች።